ላግ፣ ፕሌን፣ ሻሎው… ከየቱ ልጀምር?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ሰላም ጋሼ። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ዱባይ አንድ የጎልፍ ሜዳ ላይ ሣር እየተንከባከብኩ 4 ዓመት ሠርቻለሁ። ጨዋታውን የወደድኩት እዚያ ነው። ስመለስ 5 ያገለገሉ ዱላዎች ይዤ መጣሁ። አሁን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ጤፍ የታጨደበት ማሳ ላይ እንለማመዳለን። ከቪዲዮ ለመማር ሞከርኩ። አንዱ ፕሌን ይላል፣ ሌላው ላግ፣ ሌላው ሻሎው አድርገው ይላል። ሲኩዌንስ፣ ግራውንድ ፎርስ… ሁሉንም ልተግብር ስል ጭራሽ ባሰብኝ። ኳሴ መጀመሪያ ወደ ግራ ይወጣል፤ ከዚያ አየር ላይ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። አንዳንዴ ደግሞ ዱላው ከኳሱ በፊት መሬት ይመታል። የምመታው በቀኝ ነው። ይሄን ንድፈ ሐሳብ እንደ እኔ ላለ ሰው በሚገባ አማርኛ ያስረዱኝ። ከየቱ ልጀምር? የሰፈር ልጆችም አስተምረን እያሉኝ ነው። ደግሞ በ7 ቁጥር ዱላ ከዱባይ ይልቅ እዚህ አርቄ እመታለሁ። ተሻሽዬ ይሆን?»

ወንድሜ፣ አብሽር። የገባህበት ግራ መጋባት ሰነፍ ሰው የሚገባበት አይደለም። ብዙ የሚጥር ሰው ነው እዚያ የሚደርሰው። እኔም ደሴ ነው ያደግኩት። ጎልፍ ማስተማር ከጀመርኩ 18 ዓመት ሆኖኛል። ከመጡልኝ ተማሪዎች ብዙዎቹ ችግራቸው የእውቀት ማነስ አልነበረም። ኳሱ ፊት ቆመው ብዙ ነገር ማሰባቸው ነው።

የሰማሃቸው ቃላት ውሸት አይደሉም። እያንዳንዱ እውነተኛ ነገር ይገልጻል። ጥያቄው ለማን ነው የሚጠቅሙት የሚለው ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ ሐረጎ የሚባለውን ጠመዝማዛ መንገድ ታውቀዋለህ። መንገዱን የሠራው መሐንዲስ የእያንዳንዱን ኩርባ ስፋትና ቁልቁለት በቁጥር ማወቅ ነበረበት። ሾፌሩ ግን የሚያየው ቀጥሎ ያለውን አንድ ኩርባ ነው። ሁሉንም ኩርባ በአንዴ ላስብ ቢል ገደል ይገባል። የጎልፍ ንድፈ ሐሳብም እንዲሁ ነው። ሆመር ኬሊ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው መጽሐፍ የጎልፍን ምት በ24 ክፍሎች ከፋፍሎታል። ለእያንዳንዱ ክፍል ደግሞ በርካታ አማራጭ አስቀምጧል። ትልቅ ሥራ ነው። አሰልጣኝ ቢያጠናው ይጠቀማል። ተጫዋች ግን 24ቱን ይዞ ኳስ ፊት ሊቆም አይችልም።

ለምን እንደማይችል በጊዜ ልንገርህ። ዱላው ከላይ ተነስቶ ኳሱን እስኪነካ የሚፈጀው ሩብ ሰከንድ ገደማ ነው። የዱላው ፊትና ኳሱ ተነካክተው የሚቆዩት ደግሞ ግማሽ ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። ዓይንህ አይቶ፣ አእምሮህ አዝዞ፣ እጅህ እስኪታረም ድረስ ኳሱ ሄዷል። ሩብ ሰከንድ ውስጥ አምስት ትእዛዝ አይገባም። አንድም ከገባ ትልቅ ነገር ነው።

ይሄን የተማርኩት በሰው ላይ አጥፍቼ ነው። ማስተማር በጀመርኩበት ሰሞን አንድ ጡረታ የወጡ መምህር መጡልኝ። ረጋ ያሉ፣ ነገር ቶሎ የሚገባቸው ሰው ነበሩ። እኔ ደግሞ ያወቅኩትን ሁሉ ልስጥ ብዬ በአንድ ሰዓት ውስጥ 11 ነገር ነገርኳቸው። ክርን፣ አንጓ፣ ዳሌ፣ ጉልበት፣ አገጭ፣ ምን ያልነገርኳቸው አለ። በሁለተኛው ሳምንት ዱላውን ይዘው ኳሱ ላይ አጎነበሱ። አላነሱትም። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። ከዚያ ቀና ብለው «ልጄ፣ የቱን ላስብ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ተመልሰው አልመጡም። እስከ ዛሬ ያመኛል።

በኋላ ጥናቱን ሳነብ ጥፋቴ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ጋብሪኤሌ ዉልፍ የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ ጎልፍ አንድ ጽሑፍ አሳትማለች። ጎልፍ ነክተው የማያውቁ ሰዎችን ለሁለት ከፈሏቸው። አንዱን ቡድን የክንዳችሁን እንቅስቃሴ አስተውሉ አሏቸው። ሌላውን የዱላውን መወዛወዝ አስተውሉ አሏቸው። ኳሱን ዒላማ አጠገብ በማድረስ ዱላውን ያስተዋሉት በለጡ። በማግስቱ ያለ ምንም ማሳሰቢያ ሲፈተኑም በለጡ። ሐሳብህ ከሰውነትህ ውጭ ባለ ነገር ላይ ሲያርፍ ሰውነትህ የራሱን መንገድ ያገኛል ማለት ነው። እናትህ ወጥ ስታማስል ስለ አንጓዋ አታስብም። ስለ ድስቱ ነው የምታስበው።

እንግዲህ ከቪዲዮው ወጥተን ኳሱን፣ የዱላውን ፊትና መሬቱን እንጠይቅ። ሦስቱም አይዋሹም።

መጀመሪያ ጠመኔ ግዛ። የተማሪ ጠመኔ፣ ነጩ። የዱላህን ፊት በደረቁ ቀባውና አንድ ኳስ ምታ። ኳሱ ጠመኔውን ጠርጎ ክብ ምልክት ይተዋል። ምልክቱ መሐል ላይ ነው? ወደ እጀታው በተጠጋው ጎን ነው? ወይስ ወደ ጫፉ? 10 ኳስ ምታና በየጊዜው ቀብተህ እይ። እንዳትዘለው። ምልክቱ ከመሐል ከራቀ ርቀትህን ታጣለህ። ድራይቨር በሚባለው ትልቅ ጭንቅላት ባለው ረጅም ዱላ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በእጀታው በኩል ከመታህ ሌላው ሁሉ ልክ ሆኖ እንኳ ኳሱ ወደ ቀኝ ሊታጠፍብህ ይችላል። ስንት ሰው ስዊንጉን፣ ማለትም የምት እንቅስቃሴውን፣ ሲያፈራርስ ይከርማል፣ ችግሩ ኳሱ አጠገብ አንድ ጣት ያህል ተጠግቶ መቆሙ ብቻ ሆኖ።

ጠመኔው መሐል ላይ ከሆነ ወደ ዋናው ጉዳይህ እንሂድ። እዚህ ላይ ረጋ ብለህ አንብበኝ፤ ንድፈ ሐሳቡ በእውነት የሚጠቅምህ እዚህ ነው።

ኳሱ ሁለት ነገር ይነግርሃል። አንዱ ሲነሳ ወዴት እንደወጣ ነው። ሁለተኛው አየር ላይ ወዴት እንደታጠፈ ነው። ድሮ ብዙዎች ኳሱ የሚነሳው ዱላው በሄደበት አቅጣጫ ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። በራዳር መለካት ሲጀመር ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ኳሱ ወዴት እንደሚነሳ በአብዛኛው የሚወስነው በተነካካበት ቅጽበት የዱላው ፊት ያየበት አቅጣጫ ነው። እንደ 7 ቁጥርህ ባለ የብረት ዱላ ሦስት አራተኛ ያህሉ የፊቱ ድርሻ ነው። በድራይቨር ከዚያም ይበልጣል። መታጠፉ የሚመጣው ደግሞ ፊቱ ያየበትና ዱላው የሄደበት አቅጣጫ ሲለያዩ ነው። የእግር ኳስ ተጫዋች ቅጣት ምት ሲያጥፍ አይተሃል። እግሩ ኳሱን ጎኑን ጠርጎት ያልፋል፤ ኳሱ ይሽከረከራል፤ ይታጠፋል። ያው ነው።

አሁን ያንተን ኳስ እናንብበው። ወደ ግራ ይነሳል ብለሃል። ስለዚህ የዱላህ ፊት ኳሱን ሲነካ ከዒላማው ወደ ግራ እያየ ነው። ከዚያ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ስለዚህ ዱላህ የሚሄደው ፊቱ ከሚያየውም ይበልጥ ወደ ግራ ነው። ዱላው ከውጭ፣ ካንተ ከሚርቀው በኩል መጥቶ፣ ወደ ውስጥ፣ ወዳንተ በኩል ኳሱን ይቆርጠዋል። «ኳስህ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው ፊቱ ስለተከፈተ ነው፣ ዝጋው» የሚል ምክር ሰምተህ ይሆናል። መከፈት ፊቱ ወደ ቀኝ ማየቱ ነው፤ መዝጋት ወደ ግራ ማዞር ነው። ላንተ አይሆንም። ፊትህ ቀድሞውኑ ወደ ግራ ነው። ብትዘጋው ኳሱ ጭራሽ ወደ ግራ ይነሳል። ያ ምክር የሚሆነው ኳሱ ከመነሻው ወደ ቀኝ ወጥቶ ይበልጥ ወደ ቀኝ ለሚታጠፍበት ሰው ነው። የሁለታችሁ ኳስ መጨረሻ ላይ አንድ ቦታ ሊወድቅ ይችላል። መድኃኒቱ ግን የተለያየ ነው። ቪዲዮው ያንተን ኳስ አላየም።

አንድ ነገር ልገምት። ኳሱ ወደ ቀኝ ስለሚታጠፍብህ እግርህን ትንሽ ወደ ግራ አዙረህ ነው የምትቆመው። የእግር ጣቶችህ ጫፍ ላይ አንድ ቀጥ ያለ በትር መሬት ላይ አስተኛና ከኋላ ሆነህ በትሩ ወዴት እንደሚያመለክት እይ። ወደ ግራ ካመለከተ ዱላውም እግርህን ተከትሎ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ኳሱም ይብስ ይታጠፋል። አንተም ይብስ ወደ ግራ ትዞራለህ። መጨረሻ የለውም።

እንዲህ አድርግ። አንድ ባዶ ሃይላንድ ፈልግ። ከኳሱ በስተኋላ፣ ማለትም ከዒላማው በተቃራኒ በኩል፣ አንድ ስንዝር ያህል አርቀው። ከዚያ ከኳሱ መስመር ወዲያ፣ ካንተ በሚርቀው በኩል አቁመው። ዱላህ ከውጭ ከመጣ ሃይላንዱን ይመታዋል። ሥራህ አንድ ብቻ ነው፦ ሃይላንዱን ሳትነካ ኳሱን መምታት። ስለ ትከሻህ አታስብ፣ ስለ ክርንህ አታስብ። በግማሽ ማንሳት፣ በቀስታ ጀምር። መጀመሪያ ሃይላንዱ ይበራል። ይብረር። ከ20፣ ከ30 ምት በኋላ እጅህ መንገዱን ያገኘዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጥበት ነገር ስላለ አስቀድሜ ልንገርህ። የዱላው መንገድ ሲስተካከል ኳስህ መታጠፉን ይተውና ቀጥ ብሎ ወደ ግራ ይሄዳል። «ይኸው አበላሸሁት» እንዳትል። ፊቱና መንገዱ ተስማምተዋል ማለት ነው። ደስ ይበልህ። ያኔ በትሩን ወደ ዒላማው አቅጣጫ መልሰህ አስተኛና እግርህን አስተካክል። ይኸው ነው።

መሬት መምታትህን በተመለከተ። 7 ቁጥር ዱላ ፊቱ ወደ 30 ዲግሪ ገደማ የተጋደመ ነው። ኳሱን ወደ ላይ የሚያወጣው እሱ ነው። አንተ ልታነሳው አይጠበቅብህም። ላንሳው ያለ ሰው ክብደቱ የኋላ እግሩ ላይ ይቀራል፤ ዱላው ከኳሱ በፊት መሬት ይነካል። አፈሩ ላይ ከዒላማው አግድም አንድ መስመር ጫር። ኳስ አታስቀምጥ። መስመሩን በሁለት እግርህ መሐል አድርግና ክብደትህን ትንሽ ወደ ፊት እግርህ፣ በዒላማው በኩል ወዳለው፣ ስጥ። ከዚያ ዱላውን አወዛውዝና የተፋቀውን አፈር ጎንበስ ብለህ እይ። ጠባሳው መስመሩ ላይ ጀምሮ ወደ ዒላማው ከሄደ ልክ ነህ። ከመስመሩ በፊት ከጀመረ ክብደትህ ወደ ኋላ ቀርቷል። እኔ ተማሪዎቼን ከኳስ ይልቅ በዚህ መስመር ነው የማደክማቸው። አደራህን፣ የደረቀ ዋልካ ላይ እንዳታደርገው። ዋልካ ሲደርቅ ድንጋይ ነው፤ አንጓህን ይጎዳሃል። ቦርከና ወንዝ ዳር አሸዋማ ቦታ አይጠፋም።

እስካሁን ላግም ሻሎውም አላልኩም። ብትሰማቸው ግር እንዳይሉህ ምን እንደሆኑ ልንገርህ።

ፕሌን ማለት ዱላው የሚዞርበት ክብ ነው። ሰፌድ አስብ። እግርህ አጠገብ አንዱን ጠርዝ መሬት አስነክተህ ወደ ራስህ አጋደምከው እንበል። ዱላው ሲወጣና ሲወርድ የዚያን ሰፌድ ጠርዝ ተከትሎ ይሄዳል። በአጭር ዱላ ሰፌዱ ቀና ይላል። በረጅም ዱላ ጋደም ይላል። ሻሎው ማድረግ የሚሉት ደግሞ ሲወርድ ሰፌዱ ትንሽ ጋደም እንዲል ነው። ሃይላንዱን ሳትነካ ከመታህ ብዙውን ሠርተኸዋል። ስሙን ሳታውቀው ማለት ነው።

ላግና ሲኩዌንስን አንድ ላይ ነው የማየው። ይሄን ለማስረዳት ከጅራፍ የተሻለ ነገር አላገኘሁም። የእናቴ አገር ቃሉ ወረዳ ነው። ማሽላ ሲያሸት ልጆች ማማ ላይ ወጥተን ወፍ እንጠብቅ ነበር። አንዱ ወንጭፍ ይዟል፤ አንዱ ጅራፍ። መጀመሪያ ጅራፉን በጉልበት ብቻ ስሞክረው አልጮኸም። ዱብ ይላል እንጂ አይጮኽም። አጎቴ ወጥቶ አሳየኝ። እጀታውን ወደ ፊት ላከውና ድንገት ያዝ አደረገው። እጁ ሲቆም ገመዱ ቀጠለ፤ ገመዱ ሲዘረጋ ጫፉ ተወረወረ። «ጧ!» አለ። ወፉ ሁሉ ከማሽላው ላይ ብድግ አለ። እጁ ግን የፈጠነ አይመስልም ነበር።

የጎልፍ ምትም ይሄው ነው። ሲወርድ መጀመሪያ ዳሌ ይዞራል፣ ቀጥሎ ደረት፣ ቀጥሎ ክንድ፣ መጨረሻ ዱላ። አንዱ ፍጥነቱን ለቀጣዩ ያስረክብና ራሱ ይቀዘቅዛል። ሲኩዌንስ የሚሉት ይሄን ቅደም ተከተል ነው። ላግ ማለት ዱላው ከእጅ ኋላ እየተጎተተ መምጣቱ ነው፤ የጅራፉ ገመድ ከእጀታው ኋላ እንደሚመጣው። ላግን ሆን ብዬ ልያዘው ያለ ሰው አንጓውን ያደርቀዋል። እንደ በትር የደረቀ ጅራፍ ደግሞ አይጮኽም። ዱላውን ጠበቅ አድርገህ ሳይሆን እንዳያመልጥህ ያህል ብቻ ያዘው። ግራውንድ ፎርስ ማለትም መሬቱን በእግርህ ገፍተህ ጉልበት ማግኘት ነው። እንጨት ስትፈልጥ ማንም ሳይነግርህ ታደርገዋለህ። ለጊዜው ተወው።

ለምቱ ልክ ከፈለግክ ቁጠር። በጥሩ ተጫዋቾች ዘንድ ማንሳቱ ከመውረዱ ሦስት እጥፍ ገደማ ጊዜ ይወስዳል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልክ አንሳ፤ አራት ላይ ኳሱን ምታ። ከቻልክ ጓደኛህ ያጨብጭብልህ። የወሎ ልጅ ጭብጨባ አይጠፋውም።

ርቀትህን በተመለከተ፣ ተሻሽለህም ይሆናል፤ ዋናው ምክንያት ግን አየሩ ነው። ዱባይ ከባሕር ጠለል እኩል ናት ማለት ይቻላል። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ነች። አየሩ ሳሳ ስለሚል ኳሱን የሚይዘው ነገር ይቀንሳል። ወደ 7 በመቶ ገደማ ይጨምርልሃል ብለህ አስብ። እዚያ 130 ሜትር የሄደው እዚህ ወደ 139 ይጠጋል። ደሴ ወጥተህ ብትመታ ደግሞ ትንሽ ይጨምራል። የሳሳ አየር መታጠፉንም ይቀንሰዋል። ስለዚህ እዚህ እንዲህ የሚታጠፍ ኳስ ዱባይ ላይ ይብስ ነበር።

ልጆቹን ማስተማርህ በጣም ደስ አሰኝቶኛል። ግን ይሄን እለምንሃለሁ። የጎልፍ ኳስ ክብደቱ 46 ግራም ገደማ ነው፤ ድንጋይ ነው። ከብት የሚጠብቁ ልጆች ባሉበት ማሳ ላይ ጠንካራ ኳስ እንዳታስመታቸው። የባለ ማሳውንም ፈቃድ ጠይቅ። የጨርቅ ኳስ ሥሩላቸው፤ ከካልሲ የሚሠራውን። አይርቅም፣ አይጎዳም፤ መሐሉን መመታቱንም ድምፁ ይነግራቸዋል። የገና ጨዋታ የተጫወተ ልጅ ካለ ከሱ ጀምር። በዱላ ሩር የመታ ልጅ ጅራፉ እጁ ውስጥ አለ። ክርንህን እንዲህ አድርግ አትበለው። ዒላማ ስጠው። አሮጌ ጀሪካን አቁምና «ምታው» በለው። ሲስት ኳሱ ወዴት እንደወጣ ጠይቀው። እሱ ራሱ ይንገርህ።

ሁለት ሳምንት ሃይላንዱንና መስመሩን ብቻ ሥራ። ቪዲዮ አትይ። ከዚያ ሦስት ነገር ጻፍልኝ፦ ጠመኔው የቱ ላይ እንደተጠረገ፣ ኳሱ ሲነሳ ወዴት እንደወጣ፣ ጠባሳው ከመስመሩ ወዲህ ይሁን ወዲያ እንደጀመረ። ቪዲዮ ቀርጸህ እንዳትልክልኝ። እነዚያን ሦስቱን ብቻ ላክ፤ ቀጣዩን አንድ ነገር እነግርሃለሁ።